ሦስተኛው ሽቦ፦ በጎማ ላይ የቆመ ቤትና የደባርቅ መብራት

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሲገባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል፤ ከባሕር ወለልም 2,850 ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይገባል። ፓርኩ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ደባርቅ ነው። በዚህ ምክንያት ከተማዋ በእግርና በበቅሎ ተራራ ከሚወጣው እንግዳ ሌላ ቤቱን ይዞ የሚዞር እንግዳም ታስተናግዳለች። አፍሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመኪና የሚያቋርጡ ተጓዦች መኝታ ቤት የተሠራበት መኪና ወይም ከመኪና ኋላ የሚጎተት ትንሽ ተሳቢ ይዘው ይመጣሉ። ይህን በዚህ ምዕራፍ ተሳቢ ቤት እንለዋለን። አልጋ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ መብራትና ባትሪ አለው፤ ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ፣ መሠረቱ የብረት ሻሲ ነው።

በአውሮፓ ለእንዲህ ያለ ቤት በተዘጋጀ ማደሪያ ሜዳ በየማቆሚያው አጠገብ አጭር ምሰሶ ይተከላል። በምሰሶው ላይ ክዳን ያለው፣ ሰማያዊ፣ ባለ ሦስት እግር የ16 አምፔር ሶኬት አለ። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለተሳቢ ቤት ማደሪያዎች ባወጣው ደረጃ መሠረት እያንዳንዱ ሶኬት የራሱ ብሬከርና የራሱ 30 ሚሊአምፔር የሊኬጅ ብሬከር፣ ማለትም ኮረንቲ ሲያመልጥ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ፣ ሊኖረው ይገባል። በሰሜን ተራሮች ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ የድንኳን ሰፈሮች ናቸው፤ ለተሳቢ ቤት የተተከለ ምሰሶ የላቸውም። ስለዚህ ተሳቢው መብራት የሚያገኘው ደባርቅ ወይም ዳባት ከተማ ውስጥ፣ ሆቴል ግቢ ቆሞ ነው። መስመሩ ከእንግዳ መቀበያው ወይም ከአንዱ መኝታ ክፍል በኤክስቴንሽን ተስቦ፣ በመስኮት ወጥቶ፣ ግቢውን አቋርጦ ይደርሰዋል። ለሠርግ ዳስ፣ ለለቅሶ ድንኳንና ለኮንቴይነር ሱቅ መብራት የሚሳበውም በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ተሳቢ ቤት የሚባለው ነገር ከጥቂት ቱሪስቶች ያለፈ ሰው ይመለከታል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የእኛ ኮረንቲ ከውጭ ለመጣ ዕቃ ይስማማል ወይ ብሎ ነው። መልሱ ቀላል ነው። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአውሮፓው 230 ቮልት ከላይም ከታችም 10 በመቶ ልዩነት ስለሚፈቀድለት 220 በዚያ ውስጥ ይወድቃል። በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ የአሜሪካ ተሳቢ ግን እንዲሁ መሰካት የለበትም። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መብራት መዋዠቅ ነው፤ እሱም በስታቢላይዘር ይመለሳል። ሁለቱም ጥያቄዎች የሚጨነቁት ለዕቃው ነው። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ስለ ሰው ነው። ኮረንቲ ወደ ተሳቢው የሚገባበትን መንገድ ሁሉም ያያል፤ ሽቦ ተልጦ ብረት ሲነካ የሚመለስበትን መንገድ ግን የሚያስብለት ጥቂት ነው። ያ መመለሻ በሦስተኛው ሽቦ በግራውንድና በሊኬጅ ብሬከር ካልተሠራ፣ መመለሻ የሚሆነው የተሳቢውን በር የሚከፍተው ሰው ነው።

ጎማው ማንን ይጠብቃል?

ይህ ሲነገር ወዲያው የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው፤ «ጎማ ላይ ስለቆመ አይነዝርም» ይባላል። ጎማ ኮረንቲ አያስተላልፍም መባሉ ልክ ነው፤ ልክ ያልሆነው ከዚያ የሚወሰደው ድምዳሜ ነው። በኮረኮንች መንገድ የተንገጫገጨ ተሳቢ ውስጥ ወደ ፍሪጁ የሚሄደው ሽቦ ከብረት ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ከርሞ ተላጠ እንበል። ፌዙ፣ ማለትም ኮረንቲ ይዞ የሚመጣው ሽቦ፣ ሻሲውን ነካ። ጎማው መንገዱን ስለዘጋው ወደ መሬት የሚሄድ ኮረንቲ የለም፤ ስለዚህ ብሬከር አይወድቅም፣ አምፖል አይጠፋም፣ ፍሪጁም መሥራቱን ይቀጥላል። የተሳቢው ብረት በሙሉ ግን 220 ቮልት ተሸክሟል። ውስጥ የተኛው ሰው የሚነካው ሁሉ እኩል ቮልት ስላለው ምንም አይሰማውም። አደጋው የሚመጣው አንድ እግር እርጥብ ሣር ላይ፣ አንድ እጅ የበሩ እጀታ ላይ በሚሆንበት ቅጽበት ነው። የእርጥብ ሰውነት ተቃውሞ 1,000 ኦም ገደማ ነው ብንል፣ 220 ቮልት በውስጡ 220 ሚሊአምፔር ያሳልፋል። ከ10 ሚሊአምፔር ገደማ ጀምሮ ጡንቻ ስለሚኮማተር ሰው የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ ከ30 በላይ ሲሆንና ሲቆይ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። 220 ከዚህ ሁሉ በብዙ ያለፈ ነው።

ጎማው ጉዳቱን ደብቆ ያቆየዋል ማለት ነው። መሬት ላይ የተሠራ የብረት ቤት ቢሆን ኖሮ ጥቂት ኮረንቲ ወደ አፈር እየፈሰሰ ምልክት ሊሰጥ ይችል ነበር። ተሳቢው ግን የመጀመሪያው ሰው እስኪነካው ድረስ ዝም ይላል፤ ያም ሰው የቤቱ ባለቤት ላይሆን ይችላል። ውኃ ይዞ የመጣ የሆቴል ሠራተኛ፣ የሌሊት ዘበኛ ወይም ቆርቆሮውን ሊዳስስ የተጠጋ ሕፃን ሊሆን ይችላል። ተሳቢው ሲቆም የሚወርዱለት የብረት እግሮች መሬት ነክተዋል ብሎ መጽናናትም አይበቃም። ድንጋይ ወይም ደረቅ አፈር ላይ ያረፈ የብረት እግር ከመሬት ጋር ያለው ግንኙነት እጅግ ደካማ ነው። በእንዲህ ያለ ግንኙነት የሚፈሰው ጥቂት ኮረንቲ ተራ ብሬከር ለመጣል አይበቃም፤ በሻሲው ላይ ያለውን ቮልትም ይህ ነው በሚባል መጠን አይቀንሰውም።

ብሬከሩ የቆመው ለማን ነው?

ሁለተኛው ማጽናኛ «ብሬከር አለን» የሚለው ነው። ተራ ብሬከር የሽቦ ጠባቂ ነው። ባለ 16 አምፔሩ በመስመሩ ከ16 አምፔር በላይ ሲያልፍና ሲቆይ፣ ወይም ፌዝና ኮረንቲው የሚመለስበት ኒውትራል በቀጥታ ተገናኝተው ኮንታክት ሲፈጠር ይወድቃል። ሥራው ሽቦው ግሎ ቤት እንዳያቃጥል ማድረግ ነው። ከላይ እንዳየነው ሰውን አደጋ ላይ የሚጥለው ኮረንቲ የአንድ አምፔር ጥቂት መቶኛ ነው። በሰው ውስጥ 0.22 አምፔር ሲያልፍ 16 አምፔር የሚጠብቅ ብሬከር ነገሩን የሚያየው እንደ አንድ ትንሽ አምፖል ነው፤ የሚወድቅበትም ምክንያት የለውም። ይህ የብሬከሩ ጉድለት አይደለም። ከተሠራበት ዓላማ ውጭ የሆነ ነገር የጠበቅንበት እኛ ነን።

ለሰው የቆመው መሣሪያ በሱቆች አርሲዲ፣ አርሲሲቢ ወይም ሊኬጅ ብሬከር የሚባለው ነው። የሚሠራው እንደ ጥንቁቅ ገንዘብ ያዥ ነው፤ በፌዝ የወጣውንና በኒውትራል የተመለሰውን ሳያቋርጥ ያመዛዝናል። የወጣው 5 አምፔር ሆኖ የተመለሰው 4.97 ብቻ ከሆነ፣ የጎደለው 0.03 አምፔር በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው በኩል ሄዷል ማለት ነው፤ መስመሩን በሰከንድ ክፍልፋይ ይቆርጠዋል። መሣሪያው ለአፍሪካ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ሄንሪ ሩቢን የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ባለሙያ ቀደምት ከሆኑት የሊኬጅ መቁረጫዎች አንዱን የሠራው ለወርቅ ማዕድን ማውጫዎች ነበር። እርጥብ ዋሻ ውስጥ ብረት ይዞ ለሚሠራ ሰው ተራ ፊውዝ እንደማይደርስለት ታይቶ ነው። በክረምት ጭቃ ላይ ቆሞ የተሳቢ በር የሚይዝ ሰውም በተመሳሳይ ሁኔታ ውስጥ ነው።

ይሁንና ሊኬጅ ብሬከር ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ሦስተኛው ሽቦ ከሌለ፣ ፌዙ ሻሲውን ሲነካ የሚጎድል ኮረንቲ ስለሌለ መሣሪያው ነገሩን አያውቅም። የሚያውቀው ሰው ብረቱን ነክቶ ኮረንቲው በሰውየው ውስጥ ማለፍ ሲጀምር ነው። ያኔ በፍጥነት ስለሚቆርጥ ብዙውን ጊዜ ሰውየው ይተርፋል፤ ቢሆንም ተነዝሯል፣ ከደረጃም ሊወድቅ ይችላል። ሦስተኛው ሽቦ ሲኖር ግን ኮረንቲው ሽቦው እንደተላጠ በዚያ በኩል ወደ መሬት ይሄዳል፤ መሣሪያውም ማንም ሳይነካ መስመሩን ይቆርጣል። ሽቦው ለተሳሳተው ኮረንቲ መንገድ ይሰጠዋል፣ መሣሪያው ያንን ኮረንቲ አይቶ ይዘጋዋል። አንዱ በሌላው የሚተካ አይደለም።

ከሶኬቱ ጀርባ

ሦስተኛው ሽቦ ግራውንድ የሚባለው፣ ቢጫና አረንጓዴ ልባስ ያለው ነው። በሀገራችን ብዙ የግድግዳ ሶኬቶች ክብ ሆነው ከላይና ከታች ሁለት የብረት ምላስ አላቸው፤ ትልቁ ስፒና ሲገባ በጎኑ የሚነካቸው እነሱን ነው። ምላሶቹ መኖራቸው ግን ግራውንድ መኖሩን አያረጋግጥም። ሶኬቱ ሲፈታ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ የምላሶቹ ብሎን ባዶውን ይቀራል፣ ወይም ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ሳጥኑ ውስጥ ተቆርጦ ታጥፎ ይገኛል። ከዚያ የሚቀጠለው ቀጭን ኤክስቴንሽን ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ ደግሞ ቤቱ ደህና ግራውንድ ቢኖረው እንኳ መንገድ ላይ ይቀራል። ተሳቢው ጋ የደረሰው ሰማያዊ ሶኬት ሦስት እግር አለው፤ ሦስተኛው እግር ግን ከምንም ጋር አልተያያዘም። ከውጭ ሲታይ ሁሉም የተሟላ ይመስላል።

እዚህ ላይ መመርመሪያዎችም ሊያታልሉ ይችላሉ። በኪስ የሚያዘው ቴስተር ካቻቪት ፌዝ የት እንዳለ ያሳያል፤ ስለ ግራውንድ የሚለው ነገር የለም። መልቲሜትር በፌዝና በሶኬቱ ምላስ መካከል 220 ቢያሳይም ነገሩ አላለቀም። መልቲሜትር የሚወስደው ኮረንቲ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ዝጎ በአንድ ክር የተንጠለጠለ ግራውንድ እንኳ ደህና መስሎ ይታየዋል። ጥያቄው ግራውንዱ ቮልት ያሳያል ወይ የሚል ሳይሆን ኮረንቲ ይሸከማል ወይ የሚል ነው፤ ይህን የሚመልስ የመስመር ተቃውሞ የሚለካ መሣሪያ የያዘ ኤሌክትሪሺያን ነው። አምፖል በፌዝና በግራውንድ መካከል አብርቶ መፈተን የተለመደ ዘዴ ነው፤ ግራውንዱ የተበላሸ ከሆነ ግን በዚያች ደቂቃ ከእሱ ጋር የተያያዘው ብረት ሁሉ ኮረንቲ ይይዛል። ባለሙያ ያልሆነ ሰው አይሞክረው።

ከሁሉም የከፋው ግራውንድ ሲጠፋ ኒውትራሉን ከተሳቢው ብረት ጋር ማገናኘት ነው። «ኒውትራል ያው መሬት ነው» ተብሎ በኤክስቴንሽኑ ጫፍ ትንሽ ድልድይ ይሠራል። ክብ ስፒና ተገልብጦም ይሰካል፤ በተገለበጠ ጊዜ ኒውትራል የነበረው ፌዝ ይሆንና ድልድዩ 220 ቮልቱን በቀጥታ ሻሲው ላይ ያሳርፋል። ሳይገለበጥም ኒውትራሉ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ውጤቱ ያው ነው፤ ከበራው አምፖል የሚመለሰው ኮረንቲ መውጫ አጥቶ ብረቱ ላይ ይቆማል። በዓለም አቀፉ ደረጃ ለተሳቢ ቤት በሚሄድ መስመር ኒውትራልና ግራውንድ አንድ ሽቦ መጋራታቸው የተከለከለው ለዚህ ነው። በዚሁ ምክንያት የተሳቢው ዋና ብሬከር ፌዙንም ኒውትራሉንም አብሮ የሚቆርጥ መሆን አለበት፤ አንዱን ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ፣ ስፒናው በተገለበጠበት ቀን ጠፍቷል የተባለው መስመር ፌዝ ይዞ ይቆያል።

የደባርቅ ድንጋይና የደባርቅ አየር

እንግዲያው ግቢው ውስጥ የመዳብ ዘንግ ቀብረን የራሳችንን ግራውንድ እንሥራ የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን አገሩ ድንጋይ ነው። የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተሠሩ ናቸው፤ በብዙ ቦታ አፈሩ ስስ ነው፣ ከሥሩ ጥቁር ባዛልት አለ። ዘንጉ ድንጋይ ካገኘ አይገባም፤ ቢገባም በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ተቃውሞው ይጨምራል። ጨውና ከሰል መጨመር የሚረዳው እርጥበት እስካለ ድረስ ነው። ዘንጉ 50 ኦም ተቃውሞ ቢኖረው፣ ፌዝ ሻሲውን ሲነካ የሚፈሰው ኮረንቲ 220 ለ50 ሲካፈል ከ4.4 አምፔር አይበልጥም። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይህን ከምንም አይቆጥረውም፤ ተሳቢው በግራውንድ ታስሮም 200 ቮልት ገደማ ይዞ ይቆያል። ለ30 ሚሊአምፔር ሊኬጅ ብሬከር ግን 4.4 አምፔር ከሚያስፈልገው ከ140 ጊዜ በላይ ነው። ዘንጉ 500 ኦም የሆነ መጥፎ ዘንግ ቢሆን እንኳ 0.44 አምፔር ያሳልፋል፤ ይህም ከበቂው አሥራ አራት ጊዜ ይበልጣል። ድንጋያማ አገር ውስጥ ሊኬጅ ብሬከር ቅንጦት ነው የሚል ካለ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጥሩ ግራውንድ ማግኘት ባስቸገረ መጠን የእሱ አስፈላጊነት ይጨምራል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ብሬከርና መሰል የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ እንደሚሠሩ ታስቦ ደረጃ ይወጣላቸዋል። ዳባትም ደባርቅም ከዚያ በላይ ናቸው። በደባርቅ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ገደማ ነው፤ ስስ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም፣ ስለዚህ ቻርጀር፣ ስታቢላይዘርና የተጠቀለለ ገመድ ከተጻፈላቸው በላይ ይግላሉ። መብራት ሲሄድ የሚነሣው የሆቴሉ ጄኔሬተርም አየር ስለሚያንሰው ከሩብ በላይ ጉልበቱን ያጣል። ከተጻፈው አቅም ዝቅ ብሎ መጠቀም እዚህ አገር እንደ ደንብ ሊያዝ ይገባል።

ገመዱ

የሚቀረው ገመዱ ነው። መለኪያ የሚሆነን ምጣድ አለ። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ ይህም በ220 ቮልት 16 አምፔር፣ የአንድ ማደሪያ ምሰሶ ሙሉ አቅም ነው። በቀጭን ኤክስቴንሽን ምጣድ የጣደ ሰው ስፒናው ሲቀልጥ ያውቀዋል። ለተሳቢውም ሒሳቡ ያው ነው። 50 ሜትር ርዝመት ያለው 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ደርሶ መልስ 2.6 ኦም ገደማ ተቃውሞ አለው። በ2,000 ዋት ማሞቂያ 9 አምፔር ሲያልፍበት 23 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከ200 ዋት በላይ ሙቀት ሆኖ ገመዱ ውስጥ ይጠፋል። ገመዱ መጠቅለያው ላይ እንዳለ ከተተወ ያ ሁሉ ሙቀት አንድ ቦታ ይከማችና ፕላስቲኩን ያቀልጣል። በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ የሚጠፋው 7 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ገመዱ 2.5 ይሁን፣ ሙሉ በሙሉ ይተርተር፣ መኪና በማይረግጠው በኩል ይለፍ፤ በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያም ውኃ በሚቋጥር ቦታ አይቀመጥ።

ማሞቂያና ምጣድ ቀርቶ ባትሪ ብቻ ይሞላ የሚል ብልህ አስተያየት አለ። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ባለ 20 አምፔር ቻርጀር ከግድግዳው የሚወስደው 300 ዋት አካባቢ፣ ማለትም 1.4 አምፔር ነው። ከምጣዱ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ገመዱም አይግልም፣ የሆቴሉም መስመር አይጨናነቅም። ለደባርቅ የሚመከረውም ይኸው ነው። ነገር ግን ጭነት መቀነስ ገመዱን ያድናል እንጂ ሰውን አያድንም። ተልጦ ሻሲ የነካ ፌዝ የቻርጀርም ሆነ የማሞቂያ ቢሆን ያው 220 ቮልት ነው።

መቃወሚያዎቹ

«ስንት ዓመት እንዲህ ሠራን፣ ማን ሞተ?» የሚለው ከሁሉም በላይ የሚደመጥ መቃወሚያ ነው፤ ከልምድ ስለመጣ በቁም ነገር መታየት አለበት። ይሁን እንጂ ያ ልምድ ከየትኛው ወር የተሰበሰበ ነው? የሰሜን ተራሮች እንግዳ የሚበዛው ከመስከረም ማብቂያ አንሥቶ ባለው ደረቅ ወቅት ነው። ያኔ መሬቱ ደረቅ ነው፣ እንግዳው ወፍራም የተራራ ጫማ አድርጓል፤ ሻሲው ኮረንቲ ቢይዝም በሰው የሚያልፈው ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ «ትንሽ ነዘረኝ» ተብሎ ይታለፋል። ያው ተሳቢ ያው ገመድ ይዞ በሐምሌ ዝናብ ግቢው ውስጥ ቢቆም፣ ያው በርም በባዶ እግር ቢከፈት ውጤቱ ሌላ ነው። በደረቅ ወቅት የተገኘ ማስረጃ ለክረምት አይመሰክርም። «ትንሽ ነዘረኝ» የተባለው ደግሞ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ፌዝ ብረት መንካቱን እያስታወቀ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ የሆቴል ባለቤቶች ነው፤ ሊኬጅ ብሬከር ያለ ምክንያት እየወደቀ እንግዳ ያስከፋል ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያት አለው። እርጥበት የገባበት የሻወር ማሞቂያ፣ ያረጀ ሽቦ፣ ውኃ ያገኘው የውጭ አምፖል ጥቂት በጥቂት ያፈስሳል። መፍትሔው መሣሪያውን መንቀል አይደለም፤ የግቢውን ሶኬት ከቤቱ መስመር ለይቶ የራሱን ሊኬጅ ብሬከር መስጠት ነው። ያኔ የተሳቢው ጉድለት የሆቴሉን መብራት አያጠፋም፣ የሆቴሉም እርጅና ተሳቢውን አያስቸግርም። ስለ ወጪ የሚነሣውም ቢሆን፣ ለፍሪጅ ስታቢላይዘር የሚገዛ ግቢ ለሰው ሊኬጅ ብሬከር መግዛት ከበደኝ ቢል የቅደም ተከተል ጉዳይ እንጂ የአቅም ጉዳይ አይደለም።

ሦስተኛው ከተጓዡ ይመጣል፤ «ተሳቢዬ ውስጥ የራሱ ሊኬጅ ብሬከር አለ» ይላል። መኖሩ መልካም ነው፤ ግን የሚጠብቀው ከራሱ ወዲያ ያለውን ብቻ ነው። ከመስኮቱ እስከ ተሳቢው ግቢውን የሚያቋርጠው ገመድ፣ መኪና የሚረግጠውና በግ የሚያኝከው እሱ፣ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ጥበቃው መጀመር ያለበት ገመዱ ከሚጀምርበት ነው። አራተኛው መቃወሚያ «ሶላር እያለ ለምን ይህ ሁሉ?» የሚለው ነው። ለመብራት፣ ለስልክና ለትንሽ ፍሪጅ በደረቁ ወቅት የደባርቅ ፀሐይ ትበቃለች፤ መሰካትን ሙሉ በሙሉ መተው ለቻለ ይህ ከሁሉ የተሻለ ነው። በክረምት ግን ጭጋጉ ለቀናት አይገለጥም። ከ3,600 ሜትር በላይ ባለው ጨነቅ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ የሊትየም ባትሪ ደግሞ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ እያለ ከተሞላ ይጎዳል። ስለዚህ ወደ ተራራው ከመውጣት በፊት ከተማ ላይ ባትሪ መሙላት የሚቀር ነገር አይደለም፤ ካልቀረ ደግሞ ደህና ሆኖ ይሁን።

የአሰካኩ ሥርዓት

ይህ ሁሉ ከተሟላ ሥራው አጭር ነው። መጀመሪያ ተሳቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ገመዱ ሙሉ በሙሉ ይተረተራል፤ ልባሱ በእጅ እየተዳሰሰ ይታያል። ቀድሞ የሚሰካው የተሳቢው ጫፍ ነው፤ የግድግዳው ጫፍ መጨረሻ ይሰካል፤ ያኔ ኮረንቲ የያዘ ክፍት ጫፍ እጅ ላይ አይገኝም። ከዚያ የሊኬጅ ብሬከሩ የመፈተኛ ቁልፍ ይጫናል፤ ወዲያው ካልወደቀ ያ መሣሪያ አይታመንም፣ መስመሩም ይነቀላል። ቁልፉ የሚፈትነው መሣሪያውን ብቻ መሆኑን፣ ግራውንዱን እንዳልፈተነ ግን መርሳት አይገባም። ዕቃ የሚበራው ከዚህ በኋላ አንድ በአንድ ነው። መብራት ሲሄድ ዋናውን ማጥፋትና ተመልሶ እስኪረጋጋ መጠበቅ ቻርጀሩን ያድናል። ሲነቀል ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ የግድግዳው ቀድሞ፣ የተሳቢው ኋላ። የተሳቢው ብረት በመጠኑም ቢሆን ከነዘረ ዳግም አይነካ፤ መስመሩ ከግድግዳው በኩል ተቆርጦ ኤሌክትሪሺያን ይጠራ።

በደባርቅና በዳባት እንግዳ የሚቀበል ግቢ ያላችሁ ሁሉ ከመስኮት የሚወጣውን ኤክስቴንሽን ተዉትና ግቢው ውስጥ አንድ ቋሚ ሶኬት አስተክሉ፤ ክዳን ያለው፣ ባለ ሦስት ሽቦ፣ ለብቻው ግራውንድ፣ ብሬከርና 30 ሚሊአምፔር ሊኬጅ ብሬከር ያለው ይሁን። ሥራውን ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሺያን ስጡት፤ ሲጨርስ ግራውንዱን ለክቶ ቁጥሩን ጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት። ተሳቢ ቤት በዓመት ጥቂት ጊዜ ቢመጣ ነው። ለሠርጉ ዳስ መብራት የሚሳበው፣ የግቢው ልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚሰካው፣ ብየዳ የሚሠራው ግን ከዚያው ሶኬት ይሆናል፤ በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የሚነካውም የእናንተው ሰው ነው።